በጀሶ ጎጆ የምትኖር ንግሥት፦ ጉንዳንን የማሳደግ ሥራና የደቡብ ጎንደር ደጋ

ጉንዳንን በቤት ውስጥ ማሳደግ፣ ማለትም አንዲት ንግሥትን ከልጆቿ ጋር በመስታወት ወይም በጀሶ በተሠራ ጎጆ አኑሮ መመገብና ኑሮዋን መከታተል፣ በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ብዙ ተከታዮች ያሉትና የራሱ ንግድ የተቋቋመለት የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። አሳዳጊው የሚይዘው አንድ እንስሳ ሳይሆን አንድ ሙሉ መንጋ ስለሆነ፣ እንደ ውሻ በስም የሚጠራው ወይም እንደ ድመት የሚዳብሰው ፍጡር የለውም፤ ድካሙን የሚክሰው ከአንዲት እናት የተወለዱ፣ ሥራ የተከፋፈሉ፣ ከጥቂት አሥሮች ተነሥተው ብዙ ሺህ ሊደርሱ የሚችሉ እኅትማማቾች ሲገነቡ፣ ሲያጓጉዙና እጮቻቸውን ሲያሳድጉ ማየቱ ብቻ ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ ከፍተኛ ዋጋ ከሚያወጡት መካከል ደግሞ በምድር ወገብ ግራና ቀኝ ከተዘረጋው ሞቃታማ ክልል፣ ምሥራቅ አፍሪካንም ጨምሮ፣ የሚወሰዱ ትልልቅ ዝርያዎች ይገኙባቸዋል።

የደቡብ ጎንደሯ ደብረ ታቦር በኬክሮስ ብትለካ የዚሁ ሞቃታማ ክልል ከተማ ናት፤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ ትገኛለችና። ይሁን እንጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ከ4,100 ሜትር በላይ የሚነሣው የጉና ተራራ በቅርብ የሚያዋስናት ደጋ ስለሆነች፣ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ ክረምቷም በጉምና በዶፍ የተሞላ ነው። ከእርሷ ወደ ምዕራብ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ከገብስና ከድንች ማሳ ወጥቶ የፎገራን የሩዝ መስክና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የጣና ዳርቻ ይረግጣል። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር «የሞቃታማ አገር ጉንዳን» ሲባል ወዲያው «የየትኛው ከፍታ?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል፤ ሙቀት የለመደ የቆላ ዝርያ ብራስልስ ላይ ማሞቂያ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ደብረ ታቦርም ላይ ያስፈልገዋል። ጉንዳን የሰውነቱን ሙቀት ራሱ የማያመነጭ ፍጡር በመሆኑ፣ ዕንቁላሉ የሚፈለፈልበት፣ እጩ የሚያድግበትና ሠራተኛው የሚሮጥበት ፍጥነት ሁሉ የሚወሰነው ጎጆው ባለበት ሙቀት ነው።

የጉንዳን ወገን በሳይንስ ፎርሚሲዴ የተባለ ቤተሰብ ሲሆን እስካሁን ከ14,000 በላይ ዝርያዎች ተለይተው ስም ወጥቶላቸዋል። በአኗኗሩ ከምስጥ ጋር ስለሚመሳሰል ብዙዎች የአንድ ዘር ቢያደርጓቸውም፣ የጉንዳን ዝምድና ከንብና ከተርብ ጋር ነው፤ ምስጥ ይልቁንም ለበረሮ ይቀርባል። ይህ ልዩነት በተለይ ዝናብ በሚጀምርበት ሰሞን ለዓይን ይገለጣል። ከባድ ዝናብ ጥሎ ካባራ፣ ነፋሱም ረጋ ካለ በኋላ ከመሬት ስንጥቅ ክንፍ ያወጡ ነፍሳት እየተግተለተሉ ይወጣሉ፤ ሲመሽም በመንገድ መብራት ሥር ይርመሰመሳሉ፤ መንደሩም ሁሉንም አንድ ስም ሰጥቶ ያልፋቸዋል። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን የምስጡ አራት ክንፎች እኩል ርዝመት እንዳላቸውና ወገቡ ደረቱን ያህል ወፍራም እንደሆነ፣ ጉንዳኑ በአንጻሩ የፊት ክንፉ ከኋላው እንደሚረዝም፣ ወገቡ እንደ ክር እንደቀጠነ፣ አንቴናውም እንደ ክርን እንደታጠፈ ያስተውላል።

ክንፍ ያወጡ ጉንዳኖች በአንድነት የሚወጡበት ይህ ስብስብ የሠርግ በረራ ይባላል። ከሚበርሩት መካከል ወንዶቹ ካልዳበረ ዕንቁላል የተወለዱ፣ ስለዚህም አባት የሌላቸው ናቸው፤ በንብ ቀፎ ውስጥ ድንጉላ የሚባለውም አፈጣጠሩ እንዲሁ ነው። ሴቶቹ ነገ ንግሥት የሚሆኑት ሲሆኑ፣ በዚያች አንድ ቀን ከአንድ ወይም ከጥቂት ወንዶች የተቀበሉትን ዘር ሆዳቸው ውስጥ ባለ ትንሽ ከረጢት አኑረው ዕድሜያቸውን በሙሉ ዕንቁላል ያዳብሩበታል፤ ዳግመኛ ወንድ አይፈልጉም። ወንዶቹ ብዙም ሳይቆዩ ይሞታሉ። የዳበረችው ንግሥት ክንፎቿን ራሷ ገንጥላ ትጥልና መሬት ቆፍራ ጠባብ ክፍል ትሠራለች፤ በሩንም ከውስጥ ትደፍናለች። በብዙ ዝርያዎች ዘንድ ከዚያች ዕለት ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ልጆቿ እስኪደርሱ ድረስ አንዳች አትቀምስም፤ ከእንግዲህ የማትፈልጋቸውን የበረራ ጡንቻዎች ሰውነቷ እያሟሟ ለራሷና ለእጮቿ ምግብ ያደርጋቸዋል። በዚህ ቁጠባ ያደጉት የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ከኋላ ከሚወለዱት ሁሉ ያነሱ ድንክዬዎች ናቸው፤ ሁሉም ሴቶች ሲሆኑ በሩን ከፍተው ምግብ ፍለጋ የሚወጡትም እነርሱ ናቸው። ከሚበርሩት ንግሥቶች አብዛኞቹ ግን እዚህ ሳይደርሱ የወፍ፣ የእንሽላሊትና የሌላ ጉንዳን ቀለብ ይሆናሉ።

አሳዳጊው የሚገባው በዚህ ጣልቃ ነው። ክንፏን ጥላ በመሬት ላይ የምትቅበዘበዝ ንግሥት ካገኘ በወረንጦ ሳይሆን በለስላሳ ወረቀት አንሥቶ ወደ ሙከራ ቱቦ ያስገባታል። ቱቦው ሲዘጋጅ አንድ ሦስተኛው ያህል በውኃ ተሞልቶ ውኃው በጥጥ ተጠቅጥቆ ይዘጋል፤ እርጥበቱ በጥጡ አልፎ ወደ ደረቁ ክፍል ይደርሳል፤ ንግሥቲቱም በዚያ ክፍል ገብታ አፉ በሌላ ጥጥ ይደፈናል። ከዚያ በኋላ ቱቦውን በጨርቅ ወይም በወረቀት ጠቅልሎ ጨለማና ጸጥታ ባለበት መተው ነው። ለጀማሪ ከሁሉም የሚከብደው ይኸው ነው፤ በየሰዓቱ እያነሣ የሚያይ ሰው ንግሥቲቱን ያስደነግጣታል፣ የደነገጠች ንግሥት ደግሞ የጣለችውን ዕንቁላል መልሳ ትበላለች። ዕንቁላሉ ወደ እጭ፣ እጩ ወደ ፑፓ (ማለትም ሳይበላና ሳይንቀሳቀስ መልኩን የሚለውጥበት ደረጃ)፣ ፑፓውም ወደ ሙሉ ጉንዳን ለመለወጥ በሞቃት ክፍል እንደ ዝርያው አንድ ወይም ሁለት ወር ይፈጅበታል፤ ሌሊት በሚበርድ የደጋ ቤት ውስጥ ግን ይህ ጊዜ በእጅጉ ይረዝማል። ከቆላ የመጣችው ንግሥት በዚህ መዘግየት መካከል ጉልበቷ አልቆ ልትሞት ትችላለች፤ እዚያው ደጋ ላይ የተወለደችው ግን ቅዝቃዜውን በተፈጥሮዋ ታውቀዋለች። በዚህም ምክንያት በደብረ ታቦር ከተማ ጉንዳን ማሳደግ ለሚፈልግ ተማሪ ወይም መምህር ከየትኛውም ውድ ዝርያ ይልቅ በገዛ ግቢው የምትገኘው ጉንዳን ትመረጣለች።

ሠራተኞቹ አሥርና ሃያ ሲሞሉ ምግብ ይጀመራል። የጉንዳን ወገብ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ያደገ ጉንዳን ጠጣር ምግብ ሊውጥ አይችልም፤ ለራሱ የሚጠጣው ፈሳሽ ብቻ ነው። በመሆኑም ለጉልበት የማር ወይም የስኳር ውኃ ጠብታ፣ ለእጮቹ ዕድገት ደግሞ የዝንብ ወይም የፌንጣ ቁራጭ ይሰጣል፤ ሥጋውን የሚያልሙት በአብዛኛው እጮቹ ናቸው። ከውጭ የተመለሰች ሠራተኛ ፈሳሹን ለራሷ ከሚሆነው ሆድ ቀድሞ ባለ ሌላ ከረጢት ይዛ ስለምትመጣ፣ የተራበች እኅቷ በአንቴናዋ ስትነካካት ከአፏ አውጥታ ታካፍላታለች፤ ሊቃውንት ይህን ከረጢት የማኅበር ሆድ ይሉታል። ዘር ሰብሳቢ የሚባሉት ወገኖች ከዚህ ይለያሉ። እነርሱ የሣር ዘር ለቅመው በጎተራ ያከማቹና በመንጋጋቸው አድቅቀው ያላምጡታል፤ በመጽሐፈ ምሳሌ ለታካች ሰው አርአያ የተደረገችው መከር ሰብሳቢዋ ጉንዳን ከእነዚህ ወገን እንደሆነች ብዙ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ጤፍም የሣር ዘር እንደመሆኑ ለእነዚህ ቀለብ ይሆናል፤ ዛሬ በገበያ ባለው ዋጋ ጉንዳንን ጤፍ መቀለብ ቅንጦት መሆኑ ግን አይካድም።

መንጋው ከቱቦው ሲተርፍ ወደ ጎጆ ይዛወራል። ጎጆው ብዙ ጊዜ ከጀሶ ይቀረጻል፤ ጀሶ ውኃ ስለሚመጥ አንዱን ጫፍ አርጥቦ ሌላውን ደረቅ መተው ይቻላል፣ ጉንዳኖቹም ዕንቁላሉን ወደ እርጥቡ፣ ፑፓውን ወደ ደረቁ እያመላለሱ የሚመቻቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ከጎጆው ጋር በቀጭን ቱቦ የተያያዘ ሜዳ የሚባል ክፍት ሳጥን ይኖራል፤ ምግብ የሚቀመጠውም፣ ጉንዳኖቹ ቆሻሻቸውንና ሬሳቸውን አውጥተው የሚጥሉትም በዚያ ነው። በሳጥኑ ከንፈር ላይ በአልኮል የተበጠበጠ የታልክ ዱቄት ከተቀባ እግራቸው መጨበጫ አጥቶ ይወድቃሉ። በመስታወቱ ላይ ቀይ ላስቲክ መለጠፍም የተለመደ ነው፤ ጉንዳን ቀይ ብርሃንን እምብዛም ስለማያይ ጨለማ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ብዙ መንጋ የሚያልቀው በረኀብ ሳይሆን በሻጋታ፣ ከመጠን በላይ በፈሰሰ ውኃ ወይም በዚያው ክፍል በተረጨ ፍሊት ነው።

ጉንዳን ብርሃንን እንዴት እንደሚያይ የሚገልጸው ዕውቀት ለጉንዳን አሳዳጊዎች የደረሳቸው ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ጆን ለቦክ፣ በሙያው የባንክ ሰውና የፓርላማ አባል የነበረው፣ በሁለት መስታወቶች መካከል በቀጭኑ አፈር አስገብቶ ጉንዳኖችን ለዓመታት አኖረ፤ በ1882 እ.ኤ.አ. ስለ ጉንዳን፣ ስለ ንብና ስለ ተርብ ባሳተመው መጽሐፍም ጉንዳኖች የሰው ዓይን የማያየውን ከሐምራዊ በላይ ያለ ብርሃን እንደሚያዩና ፑፓዎቻቸውን ከእርሱ እንደሚያሸሹ አሳየ። ከያዛቸው ንግሥቶች አንዷ 15 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ሞተች፤ ከዚያ በኋላ በአውሮፓ በእንክብካቤ የኖረች የጥቁር ጉንዳን ንግሥት ደግሞ ከ28 ዓመት በላይ እንደቆየች ተመዝግቧል። ከነፍሳት መካከል ይህን ያህል ዕድሜ የሚያገኝ እጅግ ጥቂት ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. ሚልተን ሌቪን የተባለ አሜሪካዊ ለልጆች መጫወቻ ብሎ ያወጣው የጉንዳን ሳጥን ሥራውን በዓለም ዙሪያ አሰራጨው፤ ሳጥኑ ግን ሠራተኞች እንጂ ንግሥት የሌለችበት ስለነበር፣ ዕንቁላል የሚጥል ጠፍቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ሁሉም ያልቁ ነበር። ያ ዕቃ መጫወቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ጉንዳን ማሳደግ ነበር ለማለት ግን ይቸግራል።

በደቡብ ጎንደር ነፍሳትን በመንጋ አኑሮ የማሳደግ ዕውቀት ለብዙ ዘመናት የኖረው በንብ በኩል ነው። ከጭቃና ከእበት ተለስኖ ወይም ከቀርከሃና ከሐረግ ተጠልፎ የሚሠራው ረጅም ቀፎ በጓሮ፣ በታዛ ሥር፣ አንዳንድ ቦታም ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ከሺህ ከሚቆጠሩ ነፍሳት ጋር አንድ ጣሪያ ተጋርቶ ማደር ለደጋው ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። አናቢው አውራ የሞተባት ቀፎ እንደማትዘልቅ፣ ንቡ ሊሰደድ ሲል ምን ምልክት እንደሚያሳይ፣ በየትኛው አበባ ወቅት ማሩ ነጭ፣ በየትኛው ቀይ እንደሚሆን ያውቃል። ጉንዳን አሳዳጊው በቱቦና በመጽሐፍ የሚማረውን የመንጋ አያያዝ አብዛኛውን ክፍል ይህ አናቢ ከአባቱ ተምሮታል። በእርሱ ዘንድ ግን ጉንዳን ጠላት ነው። በኢትዮጵያ በንብ ተባዮች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ውስጥ ጉንዳን በተደጋጋሚ ከዋነኞቹ ተርታ ይሰለፋል፤ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞኖች የተካሄደና በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናትም ዶሪለስ ፉልቩስ የተባለው ዝርያ በኅብረ ንብ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለይቶ መርምሯል። የገበሬው መከላከያ ቀላልና የቆየ ነው፦ የቀፎውን ሥር ከአረም ማጽዳት፣ በመቀመጫው እግር ዙሪያ አመድ መነስነስ፣ እግሩን በተቃጠለ ዘይት መቀባት። ለአሳዳጊው ሳጥን የታልክ ዱቄት የሚሠራውን ለቀፎው አመድ ይሠራዋል።

ዶሪለስ የተባለው ወገን ማንም አሳዳጊ በቱቦ ሊያኖረው የማይችል ነው። ሠራተኞቹ ዓይን የላቸውም፤ ቋሚ ጎጆም ስለሌላቸው ከቦታ ቦታ እየፈለሱ በሰልፍ ያድናሉ፤ በአንዳንድ ዝርያዎች የመንጋው ብዛት ሚሊዮኖች ይደርሳል። ንግሥቲቱ ክንፍ ሳታበቅል የምታድግ፣ በጉንዳን ዓለም ከሁሉ የሚበልጥ ግዙፍ ሰውነት ያላትና በየወሩ እጅግ ብዙ ዕንቁላል የምትጥል ስትሆን፣ ብቻዋን በርራ አዲስ ጎጆ አትመሠርትም፤ አዲስ መንጋ የሚወለደው አሮጌው ለሁለት ሲከፈል ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ገጠሮች እንዲህ ያለ ሰልፍ ቤት ሲገባ ነዋሪው ለጊዜው ወጥቶ ሲመለስ በረሮውም ቁንጫውም ተጠርጎ እንደሚያገኘው ይነገራል። የታሰረች ዶሮና የተዘጋ ቀፎ ግን መውጫ ስለሌላቸው ያልቃሉ።

ይሁንና በደቡብ ጎንደርና በጣና ዙሪያ የሳይንስን ዓለም ትኩረት የሳበው ጉንዳን አስፈሪው ዶሪለስ አልነበረም፤ እምብዛም ልብ የማትባል፣ ሰውነቷ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነች ጥቁር ጉንዳን እንጂ። ስሟ ሌፒሲዮታ ካኔሰንስ ይባላል። ማግዳሌና ሶርገር የመራችው፣ የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ፣ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማንና ማርክ ሞፌት የተሳተፉበት የምርምር ቡድን በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ይህች ጉንዳን በአካባቢው የቤተ ክርስቲያን ደኖችና በዙሪያቸው ባለው መሬት ግዙፍ ማኅበራትን እንደምትመሠርት አስታወቀ። ግዙፍ ማኅበር የሚባለው ብዙ ንግሥቶች ያሏቸው እልፍ ጎጆዎች በመካከላቸው ወሰን ሳያበጁ፣ የአንዱ ሠራተኛ ከሌላው ጎጆ ሳይጣላ ገብቶ የሚወጣበት ኑሮ ነው። በተራ የጉንዳን ዝርያ ዘንድ የጎረቤት ጎጆ ሠራተኛ በጠረኗ ተለይታ ትነከሳለች፣ ትገደላለችም፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች ከተራራቁ ቦታዎች ያመጧቸውን ጉንዳኖች በአንድ ዕቃ ውስጥ አገናኝተው ይጣሉ እንደሆነ በማየት የማኅበሩን ወሰን ይለካሉ። በዚህ ጥናት ከተገኙት ማኅበራት ትልቁ 38 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ነበር።

እንዲህ ያለ ኑሮ ለጉንዳኗ የሚያስገኝላት ጥቅም ግልጽ ነው፤ ከገዛ ወገኖቿ ጋር በጦርነት የምትጨርሰው ጉልበት የለምና ያ ጉልበት ሁሉ ሌሎች ነፍሳትን ገፍቶ ምግብ ወደ መቆጣጠር ይዞራል። በዓለም ላይ ወራሪ ተብለው የታወቁት ጉንዳኖች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ነው የተስፋፉት፤ የአርጀንቲናው ጉንዳን በደቡብ አውሮፓ የባሕር ዳርቻ 6,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የተዘረጋ አንድ ማኅበር እንዳለው በ2002 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። የኢትዮጵያዋን የተለየች የሚያደርጋት ግን ግዙፍ ማኅበር የመሠረተችው በሰው አገር ሳይሆን በተወለደችበት ምድር መሆኑ፣ ማኅበሮቿም በዘረ መል ሲመረመሩ እንደ ወራሪዎቹ ተመሳሳይ ሳይሆኑ እርስ በርስ የተለያዩ ሆነው መገኘታቸው ነው። ከዚህም በላይ የምትኖረው በተጎሳቆለ መሬትና በመንገድ ዳር ብቻ ሳይሆን በደኑም ውስጥ ነው። ተመራማሪዎቹ ንግድና ጉብኝት እየሰፋ ሲሄድ ይህች ጉንዳን ከአገር ወጥታ ወራሪ ልትሆን እንደምትችል አሳስበዋል። ስጋቱ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ የእርሷ ዘመድ የሆነችው ሌፒሲዮታ ፍራውንፌልዲ በ2015 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የዳርዊን ወደብ ተገኝታ ሰፊ የማጥፋት ዘመቻ ተካሂዶባታል።

ይህች ጉንዳን የምትኖርባቸው ደኖች ራሳቸው ሰፋ ያለ ቃል ይገባቸዋል። የደቡብ ጎንደር መሬት ከሞላ ጎደል ታርሶና ተግጦ ያለቀ በመሆኑ፣ ጥንታዊው የደጋ ደን የቀረው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ በዞኑ ከሺህ የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ደኖች ሲኖሩ፣ ብዙዎቹ ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም። ዶክተር ዓለማየሁ በ28ቱ ላይ ባደረገው ጥናት 168 ዓይነት እንጨታማ ተክሎችን መዝግቧል። ከገብሱ ማሳና ከባሕር ዛፉ ተራ ወደ አንዱ ደን የሚገባ ሰው በጥቂት እርምጃ ውስጥ ብርሃኑ ሲደበዝዝ፣ አየሩ ሲቀዘቅዝና እግሩ ሥር ያለው አፈር ሲለሰልስ ይሰማዋል፤ ከላይ ወይራው፣ ጽዱና ጥቁር እንጨቱ፣ ከታች የበሰበሰው ግንድና የረገፈው ቅጠል አለ። ጉንዳኖቹ የሚኖሩት በዚህ በታችኛው ዓለም ነው፤ አፈሩን ይቆፍራሉ፣ ሬሳ ያነሣሉ፣ ዘር ይበላሉ፣ ያጓጉዛሉም። ዶክተር ዓለማየሁና ማርጋሬት ሎውማን ከየደብሩ ካህናትና ምእመናን ጋር ተመካክረው በማሳ ላይ የተበተነውን ድንጋይ በማስለቀም በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ሲያስተባብሩ ቆይተዋል። የካቡ ዋና ዓላማ ከብት ገብቶ ችግኝ እንዳይበላና መሬቱን እንዳይረግጥ ማድረግ ነው፤ ይሁንና ቅጠሉና የወደቀው ግንድ ሳይረገጥ ከቆየ ለነፍሳቱም መጠለያ ይሆናል። አንድ መንጋ በብልቃጥ ውስጥ ከማኖር ይልቅ እንዲህ ያለ ካብ መጠገን የበለጠ ጉንዳን የማሳደግ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጉንዳን ፍቅር ከንግድ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያስከትል በጎረቤት አገር ታይቷል። በኬንያ በናይቫሻ አካባቢ ሁለት ቤልጅጋውያን ወጣቶች 5,000 ያህል ጉንዳን ይዘው ተገኙ፤ ጉንዳኖቹ ጥጥ በተደረገባቸው 2,244 ቱቦዎች ውስጥ ለረጅም ጉዞ ተዘጋጅተው ነበር። በሌላ መዝገብ ደግሞ አንድ ቬትናማዊና አንድ ኬንያዊ 400 ገደማ ይዘው ተከሰሱ። ከተያዙት ውስጥ ሜሶር ሴፋሎተስ የተባለው ትልቁ የምሥራቅ አፍሪካ ዘር ሰብሳቢ ጉንዳን ዋነኛው ሲሆን፣ በወቅቱ የወጡ ዘገባዎች አንዲት ንግሥት በአውሮፓ ገበያ እስከ 170 ፓውንድ ልትሸጥ እንደምትችል ገልጸዋል። የናይሮቢው ፍርድ ቤት ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ፣ ካልሆነም 12 ወር እንዲታሰሩ ወስኗል። ለብዙ ሰው ይህ ቅጣት ለጉንዳን የበዛ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ከአንድ ሜዳ ንግሥቶቹ ሲለቀሙ የሚጠፋው እያንዳንዷ በብዙ ዓመት ዕድሜዋ ልትወልደው ትችል የነበረው መንጋ ሁሉ ነው፤ ከእርሱም ጋር ዘር መበተኑና አፈር ማናፈሱ ይጠፋል። ደርሶ ለሚቀበለው አገርም ቢሆን በአንድ ሳጥን ስንጥቅ ያመለጠች የዳበረች ንግሥት አደጋ ናት።

ኢትዮጵያም በዚህ ረገድ ሕግ አልባ አይደለችም። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ መውሰድንና ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም ነው። ከዝሆን ጥርስና ከቡና ዘር ጋር ሲነጻጸር ጉንዳን ለፍተሻ ዓይን የማይገባ መሆኑ እውነት ነው፤ ኪስ ውስጥ የገባች አንዲት ቱቦ ማንም አያይባትም። ስለዚህ ጥበቃው ከኬላ ይልቅ በመንደሩና በደብሩ ሰው ንቃት ላይ ይወድቃል፤ የማያውቁት እንግዳ በዝናብ ማግስት ከደኑ ዳር ጉንዳን በቱቦ ሲለቅም ያየ ሰው ምን እንደሚያደርግና ፈቃድ እንዳለው መጠየቁ ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የደብረ ታቦር ልጅ አንዲት ንግሥት በቱቦ ይዞ እንዳይማር የሚከለክል ምክንያት ሊሆን አይገባም። የሥነ ሕይወት መምህር አንድ የሙከራ ቱቦ፣ እፍኝ ጥጥና ትንሽ ጀሶ ካገኘ፣ የነፍሳትን አራት የዕድገት ደረጃዎች፣ የሥራ ክፍፍልን፣ ሙቀት በዕድገት ላይ ያለውን ኃይልና ጉንዳኖች በፌሮሞን፣ ማለትም ለመግባቢያ ከሰውነታቸው በሚያመነጩት ሽታ ያለው ቅመም፣ መንገድ እንዴት እንደሚያበጁ ያለ ምንም ውድ መሣሪያ ሊያሳይ ይችላል። ለዚህ የሚመረጡት አንዲት ንግሥት ብቻ ያላቸው ዝርያዎች ናቸው፤ ከእነዚህ ያመለጠች ሠራተኛ ብቻዋን አዲስ መንጋ ልትመሠርት አትችልም። ብዙ ንግሥት ያላቸው ግን፣ ሌፒሲዮታን ጨምሮ፣ ከጥቂት ሠራተኞች ጋር በአንድ የችግኝ ፕላስቲክ አፈር ውስጥ ተሸጉጠው ከሄዱ በደረሱበት ሊባዙ ይችላሉ። ስለሆነም ማንም ሰው ጉንዳንን ከፎገራ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦርም ወደ አዲስ አበባ ይዞ አይሂድ፤ ከደኑ አፈር ጋር ችግኝ የሚያዛውርም ሥሩን ሳይመረምር አይጫን፤ ማሳደጉ የሰለቸውም መንጋውን በየትም አይበትን፣ ንግሥቲቱን ወዳነሣባት ቦታ፣ ወደዚያው ግቢ ይመልሳት።